ደወሉ ያልተደወለበት ቀን

ፉልቪዮ እስከ ዛሬ የሚያፍረው በሳቁ ነው።

ከፔሩጃ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ኮረብታው አናት ላይ ያለውን የመናኞች ገዳም ለጎብኚ የምታስጎበኘው የመንደሩ ልጅ ኦርቴንሲያ ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በገዳሙ ብቻውን የቀረ ሴቬሪኖ የሚባል መናኝ ነበር። በረዶ ያዘለ ደመና ሲመጣ ደወል እየደወለ ይበትነዋል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ገበሬዎቹም ለዚሁ ወይንና ስንዴ ይሰጡት ነበር።

«አንድ ቀን ታዲያ» ትላለች ኦርቴንሲያ፣ «ወይኑ ጣመውና ተኛ። በረዶው ማሳውን ሙልጭ አደረገው። መንደርተኛው በድንጋይ አባረረው።»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ፉልቪዮም ሳቀ። ኦርቴንሲያ ከሁሉም መርጣ እሱን አየችው።

ሴቬሪኖ የእናቱ አጎት መሆኑን ያኔውኑ መናገር ነበረበት። እሱ ግን ያን አስተያየቷን ደግሞ ማየት ፈለገ። በየእሑዱ እየወጣ ሳቀ። ወይን ሳይለቀም እጅ ለእጅ ተያይዘው ኮረብታውን መውረድ ጀመሩ።

በገዳሙ በዓል ዋዜማ ኦርቴንሲያ ያረጀ ካባ ይዛ መጣች።

«ነገ ታሪኩን በቲያትር ነው የምናሳየው። ሰካራሙን መናኝ አንተ ትሠራለህ።»

«እኔ አልችልም።»

«አትሽኮርመም ባክህ። እናትህንም ጥራቸው፣ በዚያው እንተዋወቃለን።»

ፉልቪዮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«መናኙ የእናቴ አጎት ነው» አላት። «ያን ቀን የተኛው ሰክሮ አይደለም፣ ትኩሳት ጥሎት ነው። አንድ ሰው እንኳ ሾርባ ይዞለት አልወጣም። ሲወግሩት እናቴ ልጅ ሆና አብራው ነበረች።»

ኦርቴንሲያ ካባውን አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች።

«ታዲያ ምን ያስቅህ ነበር?»

«ስስቅ ታዪኝ ነበራ።»

ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ታሪኩን የነገረኝ አባቴ ነው» አለች። «ድንጋይ ከወረወሩት አንዱ ነበር። እኔም የእሱን መወርወር እየዘለልኩ ነው የማወራው።»

ያን ማታ ፉልቪዮ ስለ ኦርቴንሲያም ስለ ሳቁም ለእናቱ ነገራት። በማግስቱ ቲያትር አልታየም። ኦርቴንሲያ በሕዝቡ ፊት ቆማ፣ አባቷ ከፊት ተቀምጦ እያየ፣ ትኩሳቱንም የአባቷን ድንጋይም ሳትዘል ተናገረች። ማንም አልሳቀም። አባቷ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ከዚያ ከኋላ ወደ ቆመችው ወደ ፉልቪዮ እናት ሄዳ፣ እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። እናቱ በትከሻዋ ያዘቻት።

«ቀና በይ ልጄ፣ ምራቴ የምትሆኚ ከሆነ ፊትሽን ልየው።»

ፉልቪዮ እፎይ ብሎ ጠጋ ሲል እናቱ ዞራ አየችው።

«አንተ ግን ትንሽ አቀርቅረህ ቆይ» አለችው።