አለኝታ ያበደ ዕለት

ከመስታወቱ ውጭ ሙቀቱ ስልሳ ዲግሪ አልፏል። በአዲስ ዳሎል ውስጥ ግን ሰው ሹራብ ደርቦ ነው የሚሄደው፤ ብርድ የማይችሉ አዛውንቶችማ ጋቢ ይደራርባሉ። በጨው ሜዳው ላይ በመስታወት ተሸፍና የተሠራችው ይህች ከተማ የምትኖረው በአለኝታ ነው። አለኝታ ማቀዝቀዣዋን የሚመራው አሳቢ ማሽን ነው፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ያወራል።

አለኝታን የሠራችው ትርሲት ወልደሰንበት ናት። ገና በወጣትነቷ ሳሪስ አካባቢ በተከራየችው አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ጀመረችው። ኩባንያዋ አድጎ አገር ሲያውቀው ሸጠችውና የመሪዎች አሠልጣኝ ሆነች። «ማሽን መሸጥ ሰለቻት፣ አሁን ምክር ትሸጣለች» ብለው ቀለዱባት። እሷ ግን ምክርም አትሸጥም፤ ትጠይቃለች እንጂ አትመልስም። ስንቱ ሥራ አስኪያጅ መልሱን ስጪኝ ብሎ ለምኗት በራሱ መልስ ኮርቶ ወጥቷል! ከማሽኖቿ ይልቅ በእነዚህ ሰዎች ትኮራለች፤ መኩራቷንም አትደብቅም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ለወትሮው ሥልጠና ቢሮው ስትገባ ሠልጣኟ፣ የከተማዋ ሥራ አስፈፃሚ ሱራፌል፣ ቆሞ ጠበቃት። ወጣት ነው፤ ሹመቱም ገና አዲስ ነው። እጁ የአለኝታ ማጥፊያ ላይ ነበር።

«እትዬ ትርሲት፣ አለኝታ አብዷል» አላት።

«እንዴት አበደ?»

«ማቀዝቀዣው እንዴት ነው ስለው ‹ደህና ነው፣ አታስብ፤ ቁርስ በላህ?› ይለኛል። አልበላሁም ስለው ፍርፍር አስመጣልኝ። ስብሰባዎቼን ሁሉ ሰረዘ። አሁን ደግሞ ሳላዘው ሰው እየጠራብኝ ነው። ይዩልኝ እስቲ!»

እውነትም ቢሮው ሞልቷል። የማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊዋ ኢንጂነር ፋጡማ ሁመድና የጥገና ሠራተኞቿ ለምን እንደተጠሩ ሳያውቁ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«ቦርዱ አጥፋው ብሎኛል» አለ ሱራፌል። «ሊተካው ከውጭ የመጣው ማሽን ተዘጋጅቷል። ግን እስኪተካ ድረስ ከተማዋ ያለ ማቀዝቀዣ ልትቆይ ነው፤ ሕፃናት አሉ፣ በሽተኞች አሉ። ባላጠፋው ደግሞ እብድ አምኜ መቀመጤ ነው። እርስዎ ነዎት የሠሩት፤ ላጥፋው ወይስ ልተወው?»

ትርሲት ልቧ ድንግጥ ያለው ‹ቁርስ በላህ?› የሚለውን ስትሰማ ነበር። መልሱ አፏ ላይ ደርሷል። ነገር ግን ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ እሷ እዚህ አትኖርም፤ ከተማዋ የምትቀረው ከእሱ ጋር ነው። መልሱን ዋጠችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ሰው ‹ደህና ነው› እያለ ሲያባብልህ፣ ሳትበላ አላወራህም ሲልህ፣ ቤትህን በሰው ሲሞላብህ፣ ምን ሊነግርህ ነው?»

ሱራፌል አፍጥጦ አያት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ እጁን ከማጥፊያው ላይ አነሣ።

«መርዶ» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ሞተ?»

ፋጡማ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተቀመጡ። ሱራፌል መካከላቸው ገብቶ ተቀመጠና «አለኝታ፣ በልቻለሁ። ሰዎቼም አጠገቤ ናቸው። ንገረኝ» አለ።

«አይዞህ» አለ አለኝታ። «ዋናው ማቀዝቀዣ ከውስጥ ተሰንጥቋል። እስከ ቀትር ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ አይድንም። መጠባበቂያ አለ፤ ቫልቮቹ ግን በሰው እጅ ካልሆነ አይከፈቱም።»

«ቫልቮቹን የምናውቃቸው እኮ እዚህ የተጠራነው ነን!» ብላ ፋጡማ ብድግ አለች። ሱራፌል ግን ከወንበሩ አልተነቃነቀም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይነሡ እንጂ!» አለችው ፋጡማ።

ተነሣ። ከዚያ በኋላ ያየችውን ትርሲት ዕድሜዋን ሙሉ ታወራዋለች። ወደ እሷ ዞር እንኳ አላለም። ቦርዱ ሲደውል «በኋላ» ብሎ ዘጋው፤ ሕፃናቱና በሽተኞቹ ወደ ምድር ቤት እንዲወርዱ አዘዘ፤ ለሠራተኞቹ ቦታ ቦታቸውን ሰጠና ራሱም ከፋጡማ ጋር ወረደ። ቀትር ላይ ዋናው ማቀዝቀዣ ሲሞት መጠባበቂያው እየሠራ ነበር። ትርሲት ባዶው ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ከኩራት ብዛት አለቀሰች።

ሱራፌል ላብ አጥምቆት ተመለሰ። ተናዶም ነበር።

«አለኝታ፣ መሰንጠቁን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሊነጋጋ ሲል።»

«ታዲያ ያኔውኑ አትነግረኝም ነበር?»

«ጊዜ ነበረን። አንተ ግን ብቻህን ነበርክ።»

የውጭው ማሽን ቢሆን ወዲያው ይነግረው ነበር፤ በዚያ ሰዓት፣ አጠገቡ ማንም ሳይኖር። ሱራፌል ያኔ ብቻውን ምን ያደርግ እንደነበር አሰበና ወደ ትርሲት ዞረ።

«ይህን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?»

አዎ ብትል ደስ ባላት።

«አይደለሁም» አለችው። «እኛ ቋንቋ እንዲለምድ ብለን የሰው ቤት ወሬ አሰማነው እንጂ ይህን ማንም አላስተማረውም። እኛን ሲሰማ ነው ያደገው።»