ማርስ አጥር የላትም

«ተሳስተሻል!» አሉ መምህር ህሩይ። የዘጠነኛ «ሀ» ተማሪዎች አዳራሹን በጭብጨባ አናወጡት።

የትነበርሽ ግን ከመድረኩ አልወረደችም። ከነፋሻማው ገጠር ከኮሶዬ መጥታ ከተማው ውስጥ ቀሐ አካባቢ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት፤ ለዘጠነኛ «ለ» ተወዳድራ «የማርስ አውሮራ የት ይታያል?» ለሚለው የመጨረሻ ጥያቄ «በሁሉም ቦታ» ብላ የመለሰችው እሷ ነበረች።

«ምነው መምህር? ማርስ'ኮ እንደ መሬት ዙሪያዋን የሚከልላት ማግኔት የላትም። ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣት ንፋስ አየሯን በቀጥታ ይመታዋል። ስለዚህ አውሮራው፣ ያ ሰማይ ላይ የሚያበራው ቀለም፣ ዋልታ አይመርጥም። አጥር የሌለው ማሳ ከብት በየት ይገባል? በፈለገበት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «የኮሶዬ ንፋስ መሰለሽ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

መምህር ህሩይ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው፤ ስለ ማርስ ምን ያውቃሉ? የመልስ ወረቀቱን ደግመው አዩና «እዚህ የተጻፈው በሁለቱ ዋልታዎች ነው የሚለው፣ ልጄ» አሏት። በቃ። በአንድ ጥያቄ ልዩነት ዘጠነኛ «ሀ» አሸነፈ፤ ትምህርት ቤቱን ወክላ ለከተማው ውድድር የምትቀርበውም የ«ሀ»ዋ ኤልሳ ሆነች።

ያንን ወረቀት የጻፈችው ሐረገወይን ናት፤ የሳይንስ ክበቡ ጸሐፊ፣ የኤልሳ የልብ ጓደኛ። ሁሉም ሲስቅ እሷ መልሱን ከየት እንደጻፈችው ለማስታወስ ትሞክር ነበር።

እረፍት እንደተደወለ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል በረረች። ጥያቄዎቹ የሚወጡት በሚኒ ሚዲያ ከተነበቡ ጽሑፎች ስለሆነ ጽሑፎቹ የሰፈሩበት ደብተር ያለው እዚያ ነው። ስለ አውሮራ የተጻፈውን ገለጠች። መሬት፣ በዋልታዎቿ። ጁፒተር፣ በዋልታዎቿ። ሳተርንም እንዲሁ። በሚቀጥለው ገጽ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፦ «ማርስ ግን ከነዚህ ትለያለች…»

ለካ ጥያቄውን ስታወጣ ገጹን ሳትገልጥ፣ ሁሉም ፕላኔት ያው ነው ብላ ሞልታው ኖሯል። ወይ ጉድ!

ተቀመጠች፤ ተነሳች። የማይኩን ገመድ ጠቀለለች፤ መልሳ ፈታችው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የአሸናፊዋን ስም በድምፅ ማጉያ የምታነበው እሷው ናት፤ ስሙ ደግሞ ዛሬውኑ ለከተማው ይላካል።

ኤልሳ እየሳቀች ገባች። «ምን ሆነሻል አንቺ? ፊትሽ አመድ መስሏል!»

ሐረገወይን ደብተሩን አሳየቻት። ኤልሳ አነበበች፤ ሳቋ ጠፋ።

«ላሽ በይው ባክሽ። ማን ያውቃል?»

«የትነበርሽ ታውቃለች።»

«እሷማ ተስቆባት ወርዳለች። አሁን ብትናገሪ ሆን ብላ ለጓደኛዋ አደላች ነው የሚሉሽ። ስህተት ነው ብሎ የሚያምንሽ የለም። እኔንም አብረሽ ታዋርጂኛለሽ!»

እውነቷን ነው። ሐረገወይንንም ያስፈራት ይኸው ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የትነበርሽ ግቢው ጥግ ብቻዋን ቆማ ደብተሯን ታገላብጣለች፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተች ትፈልጋለች። አንድ ገጽ ትገልጣለች፣ ታነባለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሌላ ትገልጣለች። ሐረገወይን ከዚህ በላይ ማየት አልቻለችም።

«ኤልሲ፣ ይቅር በይኝ» አለችና ማይኩን ከፈተች።

«ጤና ይስጥልኝ ተማሪዎች። ውጤቱን ከማንበቤ በፊት… የትነበርሽ፣ መልስሽ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሐረገወይን።»

ከኋላዋ ኤልሳ ወጥታ በሩን በኃይል ዘጋችው። እሷ ግን ማይኩን ሳትዘጋ ስለ ማርስ የተጻፈውን ከደብተሩ ማንበብ ቀጠለች።