ፍለጋው አልቋል

«ባዶ! አሁንም ባዶ!» ሚጣ ወንበሩን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋችው።

እናቷ ካሜራዋን ከምትወለውልበት ቀና አለች። ሥራዋ ሰርግ መቅረጽ ነው። ነገ ጠዋት ሙሽሮቹ ቪዲዮአቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ የሙሽራዋ አያት የጨፈሩበት የቪዲዮው ቁራጭ ግን የገባበት ጠፍቷል። አያትየው ደግሞ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ኮምፒውተሩ ላይ ፋይል የሚቀመጥባቸው አራት ድራይቮች አሉ፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ። ሚጣ ፎልደር በፎልደር መክፈቱ ሲያንገሸግሻት ትእዛዞችን ደርድራ ባች ፋይል ጻፈች። ሲነኩት ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ ከሲ እስከ ኤፍ በየተራ ይበረብራል፤ ያገኘውን «ውጤት» የሚባል ፋይል ላይ ይጽፍና «ፍለጋው አልቋል» ይላል። ውጤቱ ግን ሁሌም ባዶ።

«ለጌምህ ቦታ ስትለቅ አጥፍተኸዋል!» እናቷ ሶፋው ላይ በተጋደመው የሚጣ ወንድም ላይ ጮኸች።

«ኧረ በናትሽ እማዬ! እኔ አልነካሁትም!»

«ታዲያ ማሽን ይዋሻል?» አለች ሚጣ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ፕሮፌሰር!»

«በቃ! ነገ ግጥሚያ የሚባል ነገር የለም!» አለችው እናቱ።

የእግር ኳስ ቡድኑ በረኛ እሱ ነው። ክፍሉ ገብቶ በሩን ድርግም አድርጎ ቆለፈው። እናትየዋም «ለሰዎቹ ምን ብዬ ልደውል?» እያለች ስልኳን ይዛ ወጣች።

ሚጣን እልህ ያዛት። ባች ፋይሉን እንደገና አስነሳችው። መጠበቁ ሲሰለቻት ገና ሳያልቅ «ውጤት»ን ከፈተችው። አንድ መስመር! ድራይቭ ዲ፣ የአሮጌው ካሜራ ፎልደር፣ «የአያት ጭፈራ»። እሰይ ልትል አፏን ከፈተች። ጥቁሩ መስኮት ወደ ኢ ተሻገረ። ፋይሉን ዘግታ ብትከፍተው መስመሩ የለም።

ዐይኗን አሸት አሸት አደረገች። ለካ አንዱ ድራይቭ ተራው ሲደርስ፣ የፊተኛው የጻፈውን ጠርጎ ነው የሚጽፈው! የመጨረሻው ኤፍ ደግሞ ገና አዲስ ነው፤ ምንም የለበትም።

«ወይኔ! እኔው ነኝ እኮ!»

ቪዲዮውን ከዲ ከፈተችው። አያትየው ከዘራቸውን ወርውረው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። አሁን «አጥፍቶት ነበር፣ እኔ መለስኩት» ብትል ማን ያውቃል? እናቷ ግንባሯን ትስማታለች። እሱም ቢምል ቢገዘት የሚያምነው የለም።

ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ቆየ። ስህተቱን ማረም የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። አላረመችውም፤ እንዳለ ተወችውና ተነስታ የወንድሟን በር አንኳኳች።

«ሂጂ ከዚህ!»

«ና፣ የጻፍኩትን ጉድ ላሳይህ።»

ሚጣ ፊቷን ወደ ውጭው በር አዞረች።

«እማዬ!» ስትል ተጣራች። «አትደውይ! ቪዲዮው አለ። አንቺም ነይ፣ ሁለታችሁም እያያችሁ ፍለጋውን ላስነሳው።»

ከበሩ ጀርባ ቁልፉ ቀጭ አለ።