ሁለት፣ አራት ወይስ ስድስት ኢንች

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አባቷ፣ ዝገት የጀማመረውን ብረት በሁለት ጣቶቹ ጫፍ አንጠልጥሎ።

«የጥጃ መጎተቻ ሰንሰለት ነው» አለችው ሜትር። «ላም ምጥ ሲጠናባት እማዬ በሱ ነው የምታዋልዳት።»

አባቷ ሰንሰለቱን እባብ የያዘ ይመስል ወረወረውና እጁን በመሐረብ ጠረገ። ሰንሰለቱ ግቢው መሐል የተቆለለው ክምር ላይ አረፈ። ክምሩ ራሱ ጉድ ነው፤ ውሃ የሞሉ ሦስት ጀሪካኖች፣ ሁለት ጆንያ የከብት ጨው፣ የመድኃኒት ሣጥኖች፣ ገመድ፣ አካፋ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ቦቲ ጫማ፣ ደግሞም አጎቷ «ነገ እወስደዋለሁ» ብሎ ከዓመት በፊት ያስቀመጠው የስፖርት ብረት። ይህ ሁሉ ከአንዲት አሮጌ መኪና ወጣ ቢባል ማን ያምናል።

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ልትሄድ ነው። አባቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው፤ የተጨማደደ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ይሉኝታ ከሌላው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እሱ ላይ የሰፈረበት ሰው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ሐኪም ቤት ሲኬድ ገላ ይታጠባል፤ ታዲያ መኪና መካኒክ ፊት ስትቀርብ ለምን ትገማለች ነው ክርክሩ። ሜትርም አልተከራከረችውም። ጎንበስ ቀና እያለች አብራው አወጣች፣ ጠረገች፣ በሳሙና አጠበች። ሲጨርሱ መኪናዋ ሠርግ የተጠራች መሰለች።

ሜትር እውነተኛ ስሟ አይደለም። ገና በዳዴ ስትሄድ የአባቷን ሜትር አንገቷ ላይ እየጠመጠመች፣ ወንበሩንም ድመቱንም እየለካች ስላደገች ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሜትሩም አሁንም ከኪሷ አይጠፋም።

መኪናዋ የእናቷ ናት። እናቷ የከብት ሐኪም ስትሆን የምትሄድበት መንገድ መንገድ ለማለት ይከብዳል፤ የጭነት መኪኖች ግራና ቀኙን ቦርቡረውት መሐሉ እንደ በቅሎ ጀርባ ጎብጦ የቀረ ነው። ባለፈው ወር መኪናዋ እዚያ ጉብታ ላይ በሆዷ ቁጭ አለች። ጎማዎቿ በከንቱ ሲሽከረከሩ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ እናቷ ወደተጠራችበት ቤት በእግሯ ስትደርስ ምጥ ላይ የነበረችው ላምም ጥጃዋም ሞተው ነበር። የላሚቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ አልተቆጡም፣ እንዲያውም «ደከመሽ ልጄ» ብለው የሚቀመጡበትን አቀረቡላት። ቢቆጡ ይሻል ነበር። እናቷ ያን ቀን እራት ሳትበላ ተኛች፤ በነጋታው ጠዋት ሜትር ስታያት ዓይኗ አብጦ ነበር።

ስለዚህ መኪናዋ ከፍ ልትደረግ ተወሰነ። አሮጌው ባሌስትራ፣ መኪናዋን ጎማዎቿ ላይ የሚሸከማት ተደራራቢ ብረት ማለት ነው፣ ወጥቶ ሆዷን ከመሬት የሚያርቅ አዲስ ይገባላታል። ያን ቅዳሜ ግን ገና ጎህ ሲቀድ አንድ ገበሬ በሞተር ብስክሌት መጥቶ እናቷን ወሰዳት። አንዲት ቦርሳዋን ይዛ ኋላው ከመቀመጧ በፊት ሜትርን ጠራቻት።

«አባትሽን ካልኩት ቀለም ነው የሚመርጠው፣ አጎትሽን ካልኩት ቁመት። አንቺ ምረጪልኝ። እዚያ ጉብታ ላይ የማታስቀረኝን» አለቻት።

ሜትር እሺ አለች። የራሷ ጣጣ እንዳለባት ግን ለእናቷ አልነገረቻትም። ክፍል ውስጥ ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ አባቷ መኪናውን ሦስት ኢንች ከፍ አስደርጎ ልጅት በእሱ ጉራ ስትነዛ ሳምንት አልፏታል። ሜትርም አላስችል ብሏት «የኛ አራት ነው፤ እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም» ብላ ለቀቀችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰኞ እናቷ ትምህርት ቤት ስታደርሳት የክፍሉ ልጅ በሙሉ በር ላይ ቆሞ ሊያይ ተቃጥሯል፤ ዕቃው እስኪመጣ ቢዘገይም ቁጥሩን መጠየቃቸው አይቀርም። ሁለት ኢንች ብላ ብትመልስ ሼም ነው፣ እስክትመረቅ የሚወራ ሼም።

አጎቷ ደግሞ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ከስድስት ኢንች በታች መስማት አይፈልግም። መኪና የለውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም፤ ሐሳብ ግን ሞልቶታል። ከቤት እስከ ጋራዥ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ስድስት ኢንች ማለት ፏ ማለት ነው፣ ከዚያ በታች ፋራነት ነው እያለ አባቷን ሲያደነቁረው ሄደ። አባቷ ባዶዋ መኪና ጉድጓድ ላይ ስትነጥር መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

መካኒኩን ሰፈሩ በሙሉ ምን ቸገረኝ ነው የሚለው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላ ሰው እሺ ወይም እምቢ በሚልበት ቦታ እሳቸው ምን ቸገረኝ ይላሉ። ዕቃው ከሩቅ አገር ታዝዞ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ በኋላም መመለስ የለም፤ ስለዚህ የማዘዣውን ወረቀት ሰው ራሱ መርጦ እንዲፈርምበት ያደርጋሉ። አጎቷ ገና ከመኪናዋ ሳይወርድ ስድስት ኢንች አላቸው። እሳቸውም ይቻላል አሉ፤ የፍሬኑ ቱቦ ይቀየራል፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ይቀየራል፣ ዶክተሯም መሰላል ይዛ ትዞራለች፣ ምን ቸገረኝ። አጎቷ መሰላሉን ሲሰማ ክንዱን ከመስኮቱ አስገባ።

ከዚያ ሽማግሌው ተንበርክከው ከጎማው መሐል አንስተው ጎማውን እስከሚሸፍነው ቆርቆሮ ጠርዝ ለኩ። ሜትር ቁጥሩን ጻፈችላቸው። የኋላው አምሳ ሁለት ሳንቲሜትር ሆነ፤ ለአሮጊት መኪና ጥሩ ነው አሉ። ተነስተው ጉልበታቸውን እያራገፉ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ከኋላ ምን ትጭናለች? የአንድ ቀን አይደለም የምላችሁ፣ ሁልጊዜ የሚኖረውን ነው።»

«ምንም» አለ አባቷ ፈጠን ብሎ። «ባለቤቴ የምትይዘው አንዲት ቦርሳ ናት።»

እውነት ለመናገር ያን ቀን ጠዋት አንዲት ቦርሳ ነበር የያዘችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ሽማግሌው እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው አሉ። ባዶ ለምትሄድ መኪና ለስላሳው ባሌስትራ ይበቃታል፤ አራት ኢንች ከፍ ያደርጋታል፣ ሲነዷትም ሶፋ ላይ የተቀመጡ ያህል ነው። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ኪሎ የምትሸከም ብትሆን ግን ለስላሳው በወሩ ተመልሶ ይተኛ ነበር፤ አሁን ካለችበትም አትሻል። ይህን ብለው እስክሪብቶውን ለሜትር ሰጧት።

አራት ኢንች። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሳትለምን፣ ሳትከራከር፣ በገዛ እግሩ መጣላት። እስክሪብቶውን ይዛ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች፤ እጇ ግን አልጻፈም። ግቢው ውስጥ የቀረው ክምር ዓይኗ ላይ መጣ፤ ከሱ ቀጥሎ እናቷ ጉብታው ላይ ቆማ ሰዓቷን ስታይ መጣች። ልናገር ብትል ደግሞ አባቷን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አባቷን ጋራዥ መሐል እንዴት ታርማለች? ብትናገር አራት ኢንቹ ይሄዳል፣ አባቷም ያፍራል፤ ዝም ብትል ሁሉም ደስ ብሎት ይገባል። ከእናቷ በቀር።

አባቷን ቀና ብላ አየችው። የሱቁ ደንበኞች ትዝ አሏት። ወገባቸው ሲለካ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ቀጥ ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ እንዲሁ ሆዱን ስቦ ተለክቶ፣ ኮቱ የልጁ ምርቃት ላይ ቁልፉ ተፈናጥሮ የፎቶ አንሺውን ግንባር መታ። አባቷ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲለካ ቀልድ ይነግርና ሰውየው እስኪስቅ ይጠብቃል፤ ስቆ ሆዱ ሲለቀቅ ነው ሜትሩን የሚያጠብቀው።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሆዷን ስባ ነው የተለካችው።»

አባቷ ለአፍታ አልገባውም ነበር። ሲገባው ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ። መሬቱን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ሽማግሌውን ግን ማየት አልቻለም። ሜትር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈለገች፤ ያገኘችው ግን አንድ ልብስ ሰፊ የራሱን ስፌት ተበላሽቶ ሲያይ የሚመጣበትን ፊት ነው።

«ስንት ኪሎ ይሆናል ብለሽ ነው?» አላት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ። ከጋሼ ብረት ጋር ደግሞ ሦስት መቶ ይጠጋል።»

«የኔ ብረት ደግሞ ምን አደረገ?» አለ አጎቷ።

ሽማግሌው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። እስክሪብቶውን ከሜትር እጅ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ሰኩና በግምት እንደማያዙ ተናገሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው መኪናውን አጥቦ ሲያመጣላቸው አይተዋል፤ በሽተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጤነኛ መስሎ ነው እንዴ የሚቀርበው አሉ። ሂዱና እንደነበረች አድርጋችሁ አምጧት አሉ። አባቷ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

ተመልሰው ሄዱ። የወጣው ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ሳይሆን እንደመጣ ገባ። አባቷ ሰንሰለቱን ራሱ አንስቶ፣ በመሐረብም ሳይዝ፣ ከጨው ጆንያው ጎን አስቀመጠው። ሸሚዙ ላይ የዝገት መስመር ቀርቶበት ነበር፤ አይቶ ተወው። አጎቷ ብረቱን ለመውሰድ ቃል ገባና በዚያው አፉ ለዛሬ ይጫን አለ። ባለ አንድ እግሩ ቦቲም የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ገባ።

እንደገና ሲለካ የኋላው አርባ ስድስት ሳንቲሜትር ሆነ። ስድስት ሳንቲሜትር ዝቅ ብላ ነበር ለካ። ሽማግሌው በሆዷ ሥር ተጋድመው ገብተው፣ ቆይተው ሲወጡ እጃቸው በአፈር ተለውሷል። ለስላሳው ቀርቷል አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ጭነት ጠንካራው ነው የሚሆነው። ጠንካራው ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ፤ ባለ ሁለት ኢንችና ባለ አራት ኢንች።

አጎቷ ሜትርን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «አራት አለ እኮ» አላት በጆሮዋ። «ሰኞ ልጆቹን ምን ልትያቸው ነው?»

ሜትር ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አራቱ ምን ችግር አለው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው ወደ ጎን አዘነበሉት፤ ከዚያ ገለበጡት። ከፍ ያለም የከበደም መኪና ጎኑ በሚያዘነብል መንገድ ላይ እንዲህ ነው አሉ። በደልዳላ መንገድ ግን ምንም አይልም፣ ያምራል፣ የፈለጋችሁትን እዘዙ፣ ምን ቸገረኝ።

እናቷ የምትሄድበት መንገድ ግማሹ የተራራ ወገብ ነው። ሜትር አንድ ጊዜ አብራት ሄዳ፣ በመስኮቱ ወደ ታች ማየት ፈርታ ዓይኗን ጨፍና ነበር የተጓዘችው።

«ሁለት ኢንቹስ መሐሉ ላይ ያለውን ጉብታ ያልፋል? ጭነቷን እንደያዘች?»

«ሆዷ የተፋቀበትን አይቼዋለሁ። ያልፋል።»

አባቷ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ይህን አድርጊ አላላትም፣ ያንን ተይም አላላትም፤ ወረቀቱን ብቻ ነፋስ እንዳይወስደው በአንድ ጣቱ ኮፈኑ ላይ ጫን አድርጎ ያዘላት። ሜትር የሰኞን በርና በሩ ላይ የሚቆሙትን ልጆች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። እስክሪብቶውን ከሽማግሌው ተቀበለች። ከዚያ ክብደት በሚለው ቦታ ሦስት መቶ ብላ ሞላች፤ ቁመት በሚለው ቦታ ደግሞ ሁለት ብላ፣ ማንም አራት ብሎ እንዳያነበው በፊደልም በቁጥርም ጻፈችው።

አጎቷ ዘመድ የሞተበት ያህል ተነፈሰ። ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው፣ ከታች መፈረሚያው እንደቀረ በጥቁር ጣታቸው አሳዩአት። ሜትር ፊርማ ኖሯት አያውቅም። ትንሽ አሰበችና ቅጽሉን ትታ እውነተኛ ስሟን፣ ከአባቷ እስከ አያቷ ድረስ፣ ጻፈች።