በርሜሉን የሚያንኳኩት ጋሽ ደሴ

በመንፈስ አላምንም፣ ያኔም አላምንም ነበር፣ ከዛር ይልቅ ካድሬ ብዙ ሰው ሲያሳብድ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ የምነግርህን እንደ ተረት አትስማው።

በደርግ ጊዜ ዳባት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ ዓሣ ይርባ። የት? በበጋ አንድ ጀሪካን ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን በምንሰለፍበት አገር። ትእዛዝ ነውና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ ተሠራ፣ ያው ውኃ እየተመላለሰ እንዲያገለግል የናፍጣ ሞተር ከገንዳው እየሳበ ጠጠር የተሞላ በርሜል ላይ ያፈሰዋል፣ በርሜሉ አጣርቶ ይመልሰዋል። የሚያጣራው ግን ጠጠሩ ሳይሆን ጠጠሩ ላይ የሚያድገው ቡናማ ልጋግ ነው፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት እዚያ ይኖሩና ከዓሣው የሚወጣውን መርዝ ይበሉታል፣ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል።

ይህን ለጠባቂው ለጋሽ ደሴ ነገርኳቸው። የጃናሞራ ሰው ናቸው፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ። ከዚያ ወዲያ በየጧቱ በርሜሉን ሦስት ጊዜ አንኳኩተው «ቤቶች!» ይላሉ።

«ጋሽ ደሴ፣ ማን ደጆች እንዲልዎት ነው?»

«ነዋሪ አለበት ያልኸኝ አንተ አይደለህ፣ መምህር? ሰው ቤት ሳይጣሩ አይገባም።»

አንድ ቀን የወረዳው ካድሬ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ብሎ መጣ፣ በርሜሉ ውስጥ እጁን ከተተ፣ ልጋጉን አይቶ ተጸየፈ።

«ለሰፊው ሕዝብ ዓሣ በዚህ ቆሻሻ?»

«ጌታዬ፣ እነሱ እኮ...» አሉ ጋሽ ደሴ።

«ጌታዬ ድሮ ቀረ፣ ጓድ በል።» ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህር፣ ቢታጠብ የሚጎዳው ነገር አለ?»

ጋሽ ደሴ አዩኝ። ዝም አልኩ። አዎ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ።

ጠጠሩ በበረኪና ታሽቶ እንደ ጥርስ ነጣ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ወደ አየር ከፍተው ማጣጣር ጀመሩ፣ ያው ካድሬ «አሻጥር ነው» አለ፣ ጋሽ ደሴን መኪና ላይ ጭነው ወደ ደባርቅ ወሰዷቸው። እጠቡ ያለው ሳይጠየቅ፣ አይታጠብ ሊሉ የነበሩት ተጠየቁ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የሞቱትን ልለቅም ሄድኩ፣ ጉሙ መጋዘኑ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ሞተሩ ናፍጣ ጨርሶ ቆሟል። በርሜሉ ውስጥ ግን ውኃ ይንጠባጠባል፣ ጠብ፣ ጠብ። ቧንቧውን ነካሁት፣ ደረቅ ነው። እጄን ጠጠሩ ውስጥ ከተትኩ፣ እመነኝ፣ ዓይኔ እያየ የነጣው ጠጠር ቡናማ ሆኗል፣ ያሟልጫል፣ ደግሞ እንደ ሰው መዳፍ ይሞቃል። ከዓሦቹ አንድም አልሞተም፣ ታች ወርደው በቀስታ ይዋኛሉ።

ከዚያ በርሜሉ ከውስጥ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ያ ረጋ ያለ ድምፅ፦ «ቤቶች።»

ሮጥኩ። ደባርቅ ሄጄ ዓሦቹ ድነዋል፣ ሰውየውን ልቀቋቸው አልኩ፣ የእስር ቤቱ በር ላይ የቆመው ዘብ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አልገባም፣ ወደ ሥራህ ሂድ» አለኝ። ጋሽ ደሴን ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ካድሬው ለጎብኚዎቹ የንጽሕናን ጥቅም አስረዳ፣ ተጨበጨበለት።

ልጋግ በአራት ቀን ይበቅላል ወይ ብትለኝ አይበቅልም ብዬ እምልልሃለሁ። ሌላውን አትጠይቀኝ። ለተጣራ ሰው ደጆች ይባላል፣ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው፣ እኔ ግን ከመሮጤ በፊት እጄ እስከ ክርኔ ርሶ እዚያ በርሜል ፊት ቆምኩና፣ በዚያ ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።