ያልተቀባው ነጭ

መምህር ሸን ሞቺንግ በሻንጋይ ቤቱ ሰገነት ላይ፣ ከሥዕል ማቆሚያው ሥር ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የተመታበት የነሐስ መቅረዝ አጠገቡ ወድቋል። ሸራው ላይ ያለው የሚስቱ ምስል ገና አልደረቀም።

ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን መብላት የለመደው መርማሪ ጓን ቦሩይ ግን ታች ሲገባ መጀመሪያ ያየው ለአንድ ሰው የቀረበውን የምሳ ገበታ ነበር። አንጀቱን በላው።

«ለሟቹ ሚስት ካቴና ላስገባላት?» አለ ሻምበል ዉ። «ከቀትር በኋላ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

«ቆይ እንጂ፣ ምን አጣደፈህ?»

የሟቹ ባልደረባ፣ ሠዓሊው ቺዩ ዚሄ፣ ቃሉን ሰጠ።

«እኩለ ቀን ላይ ይህችን ነጭ አበባ በር ላይ ሰጥቼው ሻይ ቤት ሄድኩ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል። አበባዋ ይኸው ሥዕሉ ላይ አለች። መቼም ሬሳ አይስል!»

ቀጥሎ ሚስትየው ሱዪን ቃሏን ሰጠች።

«ከገበያ ስመለስ የሰገነቱ በር ዝግ ነበር። ሲስል አይረበሽም። ምሳዬን ብቻዬን በላሁ፤ መቼስ ሁሌም እንደዚያው ነው።»

«መምህራችሁ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለ ጓን፣ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት የዋለውን የሟቹን ደቀ መዝሙር ታዎን።

«ቁጡ ነበር። "ነጭ ባዶ ቦታ አይደለም፣ ቀለም ነው፣ ቅቡት!" እያለ ይጮህብናል። አቶ ቺዩ ላይማ ይብስበት ነበር፤ ከወረቀት ሥዕል የመጡ ናቸውና።»

ጓን መብራቱን ከጎን አስጠግቶ ሸራውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰባቸው።

«እጅጌዋን እዩት፤ ነጩ ቀለም ተከምሮ ጥላ ጥሏል። መስኮቱም እንዲሁ። አበባው ላይ ግን ጠብታ ነጭ የለም። ዙሪያው ተቀብቶ ሸራው ባዶውን ቀርቷል።»

«እንደ ወረቀት!» አለ ታዎ።

«አዎ። ከልጅነቱ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የሳለ ሰው ነጩን አይቀባም፣ ይተወዋል። ሲደነግጥ ደግሞ እጁ የለመደውን ይሠራል። ስለዚህ አበባውን የሳለው ሟቹ አይደለም፤ ከቀትር በኋላ በሕይወት ነበር ያሰኘን ማስረጃም ቀረ። ታዎ ትምህርት ቤት ነበር፤ እመቤቲቱ ብሩሽ ጨብጠው አያውቁም። አበባው ሥዕሉ ላይ በመገኘቱ የሚተርፈው ማን ነው? እመቤቲቱ ገበያ ሳሉ ገድለህ፣ አበባውን ስለህ ሻይ ቤት ሄድክ፣ አቶ ቺዩ።»

ቺዩ አልካደም።

«የአባቴ ወዳጆች የአገርህን ጥበብ በዘይት ቀለም ለወጥክ ብለው ፊት ነሱኝ። እሱ ደግሞ ዛሬ "ለዐውደ ርእዩ አትበቃም፣ ወደ ወረቀትህ ተመለስ" አለኝ። ማን ጋ ነው የምመለሰው?» ሸራውን አየ። «አበባውን ስስል የሚጮህብኝ አልነበረም።»

ሻምበል ዉ ለሱዪን ያወጣውን ካቴና ለቺዩ አጠለቀለት። እሷ ወደ ሥዕሉ ተጠግታ ቆየች።

«አበባው ያምራል» አለችው።

ካቴናው ሲዘጋ ያላለቀሰው ሰው ያኔ አለቀሰ።