ኦቦ ኮፍያ

መገርሳ የተገደለው ሰኔ ውስጥ፣ ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ በሚደበድብበት ሰዓት ነው። ሬሳው ከልብስ ክምሩ ሥር በጎኑ ተጋድሟል፤ ከማጅራቱ የፈሰሰው ደም አንድ የልጅ ሹራብ አርሷል። የከሰል ካውያው ከጠረጴዛው እግር አጠገብ ተገልብጦ ፍሙ ወለሉ ላይ ከስሟል። በምን እንደተመታ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም ነበር።

መርማሪው መቶ አለቃ ቀነዓ ግን ተጠርቶ መጥቷል። ቀነዓ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ቆሞ ይበላል፤ ቆሞ ይጽፋል። ነቀምት ውስጥ «የቀነዓ ወንበር እሾህ ያበቅላል» ይሉት ነበር። በዚያ ቀን ደግሞ ከልማዱ ይበልጥ የሚያቁነጠንጠው ነገር ገጠመው፤ ሬሳው ገና ሳይነሣ ገዳዩ ተይዟል ተባለ።

ሱቁ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ሱቅ ነው። ሕዝቡ ግን «የቅርጫቱ ሱቅ» ይለዋል፤ በሩ ላይ ትልቅ ቅርጫት ስላለ። የተረፈው ሰው ያገለገለ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ድስቱን አምጥቶ እዚያ ጥሎ ይሄዳል። ስሙን አይናገርም፤ ማንም አይጠይቀውም። ከበሩ በላይ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። መገርሳ የመጣውን ይጠግናል፣ ይተኩሳል፣ ድሃ በሚችለው ዋጋ ይሸጣል፤ ገቢውም ለሕሙማን መድኃኒት ይውላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይገድላል? ብሎ የማይጠይቅ አልነበረም።

መልሱን ያመጡት ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ናቸው። ከቡልጋ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ክርና መርፌ ይሸጣሉ። ዱብ የሚል ነገር ሰምተው ሲሮጡ፣ አንድ ሰው በጓሮ በር ሲወጣ ጥላውን ብቻ አዩ። መገርሳ ገና ትንፋሽ ነበረው።

«‹ኮፍያ፣ ኦቦ› ብሎኝ አረፈ» አሉ እያለቀሱ።

በዚያ አገር ኦቦ ማለት አቶ ማለት ነው። ነቀምት ውስጥ ደግሞ ኦቦ ኮፍያ የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተሸካሚው ዋቅወያ። ቡናማ ኮፍያውን ከራሱ አያወርድም። ሲተኛስ ያወልቃታል ወይ ብለው ሚስቱን ድርቤን የሚነዘንዙ ነበሩ። ይኸው ዋቅወያ በዚያው ሳምንት፣ ያስቀመጥክልኝን ካፖርት ለሌላ ሸጥክብኝ ብሎ፣ መገርሳን በሰው ፊት «ታገኛታለህ!» ብሎታል።

«ነገሩ አልቋል» አለ የጣቢያው አዛዥ ሻለቃ ተካ። «ሟች ራሱ ስም ጠርቶ! ነገ ቀትር ላይ ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ። ወንጀሉ ለገመድ ያበቃል።»

ቀነዓ ወደ እስር ክፍሉ ገባ። ዋቅወያ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደ ባዕድ ነገር ያያታል።

«የት ነበርክ ዝናቡ ሲጥል?»

«ሾላው ሥር፣ ጎፍታ» አለ፤ ጌታዬ ማለቱ ነው። «ብቻዬን።»

«ያየህ የለም?»

«በዚያ ዝናብ ማን ማንን ያያል? ‹ታገኛታለህ› ብያለሁ፤ አልክድም። ተናድጄ ነው። ስንት ሰው ብያለሁ፤ ማን አገኛት?»

ድርቤ ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ እርግዝናዋ የገፋ፣ በዝናብ ቆማለች። ተጠለይ ቢሏት እንቢ አለች። ቀነዓ አይቷት አለፈ፤ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ማለዳ ጣቢያው በር ላይ አቶ ጉሉማ ጠበቀው። ጉሉማ የበቅሎና የቡና ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሱቁንም የሚቆጣጠረው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ቆጥቋጣነቱ ግን ከሽምግልናው በላይ ይታወቃል፤ የተበጠሰ ክር አይጥልም ይባላል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ቀነዓ? ሱቁን ክፈቱልን እንጂ። የድሃ ልብስ በእርጥበት ይበላሻል።»

«ይከፈታል፣ አቶ ጉሉማ።»

«ትናንትም ለሻለቃው ነግሬዋለሁ። ገብቼ ላስተካክለው፤ ብቻዬን ይበቃኛል።»

ቀነዓ አመስግኖ ወደ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ሄደ። ወንበር ቢሰጡትም እየተንቆራጠጠ ጠየቃቸው።

«መገርሳ ያለውን ይድገሙልኝ።»

«ነገርኳችሁ እኮ። ‹ኮፍያ፣ ኦቦ› ነው ያለው።»

«ልክ እንዲህ ነው ያለው?»

«እንዴ! የናንተን አገር ሰው አማርኛ አታውቀውም? ሰባበረው እንጂ። እኔ አቃንቼ ነው የነገርኳችሁ።»

ቀነዓ መንቆራጠጡን ተወ።

«ሳያቃኑት ይንገሩኝ እስቲ። ከአፉ እንደወጣ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አፈሩ። «‹ኮጴ› ነው ያለው። ‹ኮጴ ኦቦ... ኦቦሌ...› ብሎ ድምፁ ጠፋ። ታዲያ ኮጴ ብሎ ነገር ምን አለ? ኮፍያ ማለቱ ነው እንጂ።»

«ከእርስዎ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የሚያወራው?»

«አዎን፤ እኔ የናንተን መች ችዬ!»

«ወይዘሮ ሸዋጌጥ፣ ሊሞት ያለ ሰው የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። በእኛ ቋንቋ ኮጴ ጫማ ነው። ኦቦ ብሎ የጀመረው ቃልም አቶ አይደለም፤ ኦቦሌሳ ሊል ነበር። ወንድም ማለት ነው።»

ሸዋጌጥ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በሞትኩት! ሰው ላሰቅል ነበር?»

ሻለቃ ተካ ግን አልተበገረም። «ትርጓሜህ ደስ ይላል። ጫማው የታለ? ወንድሙስ ቢሆን ወንዝ የወሰደው ሰው አይደል? ሙት ተነሥቶ አይገድል። እስከ ቀትር ነው ያልኩህ።»

ቀነዓ ሱቁን ከፍቶ ገባ። ጫማዎቹ ጥንድ ጥንዳቸውን በማሰሪያቸው ተያይዘው ከወራጁ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንድ በአንድ አገላበጣቸው፤ የሚናገር ጫማ አላገኘም። ፀሐይ ደመናውን ሰንጥቃ ብቅ ስትል ጊዜው እየሄደ መሆኑን አስታወሰችው። በአጥሩ ቀዳዳ ድርቤ ትታየው ጀመር፤ በሐሳቡ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ገበያ ወረደ። የሰልባጅ ነጋዴው አበጋዝ ሸራው ሥር ቆሞ ኮት ያራግፋል። የቅርጫቱ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዞበት መገርሳን ሲረግም የከረመ ሰው ነው።

«እኔን ለመያዝ ከሆነ አመጣጥህ» አለ አበጋዝ፣ «ትናንት ዝናቡ ሲጥል እዚሁ ሸራ ሥር ከግማሽ ገበያተኛ ጋር ተጣብቄ ነበር። ሽታቸው እስካሁን አልለቀቀኝም። ጠይቃቸው።»

«ጠይቄያቸው ነው የመጣሁት። መገርሳን መቼ አየኸው?»

አበጋዝ ኮቱን አስቀመጠ። «ትናንት ጠዋት። ገርሞኛል፤ እኔን ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ቡናማ ጫማ ይዞ ‹ይህን የሸጥከው አንተ ነህ?› አለኝ። የግራው ተረከዝ በበሬ ቆዳ ተደራርቦ ከቀኙ ከፍ ብሏል። አንድ እግሩ ያጠረበት ሰው ጫማ ነው። የኔ አይደለም፤ ቅርጫትህ ውስጥ ከተገኘ የሰጠህን ጠይቅ አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹የሰጠ አይታወቅም› አለኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ አሳዘነኝ።»

የመገርሳ ታላቅ ወንድም ነገራ ያነክስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ከጉሉማ ጋር በቅሎ ሊሸጡ ወጥተው፣ ከቢላ ከተማ ሲመለሱ ወንዝ ወሰደው ተባለ። ቀነዓ ወደ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ወደ ሟቾቹ እናት ወደ አዴ ዘርፈሽ ቤት ሲሄድ እየሮጠ ነው ማለት ይቻላል።

ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶታል። የአሮጊቷ ዓይን ደክሟል። ቀነዓ ከእግራቸው ሥር ተንበርክኮ በጆሯቸው ጠየቃቸው። አዴ ዘርፈሽ ከመደባቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው የግራ እግር ጫማ ነው።

«ትናንት መገርሳ ነው ያመጣልኝ። ‹አዮ፣ በእጅሽ ዳስሺው፤ የማን ነው?› አለኝ። ዓይኔ ቢጠፋ እጄ መች ጠፋ! አባቱ ለነገራዬ የሰፋለት ተረከዝ ነው። ‹ለማንም አትናገሪ፤ ሌላውን ሱቅ አስቀምጬዋለሁ፤ ማን እንዳመጣው ላጣራ› ብሎኝ ወጣ። ወጥቶ ቀረ።»

«ያኔ ለነገራ ለቅሶ ስትቀመጡ ጉሉማ ምን ነበር ያላችሁ?»

«‹ወንዙ እንዳለ ወሰደው፤ የምታለቅሱበት ጫማ እንኳ አላስተረፈልኝም› ብሎ ማለልን። ያለ ልብስ፣ ያለ ጫማ፣ ባዶ መደብ አቅፌ ነው ያለቀስኩት።»

ቀነዓ ጫማውን ይዞ ተነሣ። የግራው እዚህ ነው፤ ቀኙ ሱቅ ውስጥ የለም። እንግዲህ ገዳዩ ወስዶታል። ወሬው እንዳይቀድመው ብሎ ቀጥታ ወደ ጉሉማ ቤት አመራ።

ጉሉማ ደጃፉ ላይ ነበር። ሚስቱ ቀለሟ ከኋላው በር ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ አንድ ቦታ አይረጋም። ቅርጫቱን የምትሞላው በአብዛኛው እሷ ናት ይባላል፤ ባልዋ የሚያከማቸውን እሷ አጥባ ትሰጣለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ ቀነዓ። «መገርሳ ከመሞቱ በፊት ስለ ጫማ ያነሣብዎ ነገር ነበር?»

«ጫማ?» ጉሉማ ሳቀ። «አይ ቀነዓ! ሰው ሞቶ አንተ በአንድ እግር ጫማ ትደክማለህ?»

ቀነዓም አብሮት ሳቀ። «እውነትዎን ነው። በሉ ቀትር ላይ ሱቁ ይከፈታል፤ ከወይዘሮ ቀለሟ ጋር ኑልን።»

ቀትር ላይ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሻለቃ ተካ ሰዓቱን ያያል። ዋቅወያ በካቴና ታስሮ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ድርቤ ከጎኑ ናት። ሸዋጌጥና አበጋዝ ግድግዳ ተደግፈዋል። አዴ ዘርፈሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጉሉማ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ዓይኑ መደርደሪያውን ይፈትሻል። ቀለሟ ግን መጨረሻ ገባች፤ ቅርጫቱ ጋ ጎንበስ ብላ ቆየችና ነጠላዋን አጣፍታ ከባልዋ ኋላ ቆመች።

«መገርሳ የተናገረው ‹ኮጴ ኦቦሌሳ› ነው፤ የወንድሜ ጫማ ማለቱ ነው» ብሎ ቀነዓ ጀመረ። «ጆሮ ቃሉን አማርኛ አደረገው፤ ከተማው ደግሞ በቅጽል ስም ሰው አሰረ። ዋቅወያ ያለበት ጥፋት ኮፍያ መውደዱ ብቻ ነው።»

ሸዋጌጥ አንገታቸውን ደፉ።

«ትናንት ጠዋት መገርሳ ጥንዱን ይዞ ገበያ ወረደ፤ አቶ አበጋዝ አይቷል። ከዚያ ግራውን ለእናቱ ሰጠ፤ ይኸው።» ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ቀኙን እዚህ አስቀረ። ሲገደል ቀኙ ጠፋ። ገዳዩ ሌላ ዕቃ አልነካም፤ የመጣው ለጫማው ነው። ሸዋጌጥ ሲደርሱ ሁለተኛውን ሳይፈልግ ሸሸ። እንግዲህ ይህን ሱቅ ብቻውን ገብቶ ሊፈትሽ የቸኮለው ማን ነው?»

«ስለ ድሃ ልብስ ባስብ ወንጀል ነው?» አለ ጉሉማ።

«አይደለም። ግን እኔ ጫማ አልኩ እንጂ አንድ እግር አላልኩም። በአማርኛ ጫማ ሲባል ጥንዱ ነው። ጥንዱ መለያየቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ አዴ ዘርፈሽ፣ እኔና ገዳዩ። እርስዎ በአፍዎ ለያዩት። ደግሞም ነገራን ወንዝ እንዳለ ከወሰደው፣ ወንዝ ጫማውን አድርቆ ቅርጫት ውስጥ አይጥልም። ምናልባት በበቅሎዎቹ ዋጋ ተጣልታችሁ ገደሉት፤ ጥሩ ጫማ መጣል ግን ለእርስዎ ከነፍስ ይከብዳል።»

«የቃል ጨዋታ!» ጉሉማ ወደ ሻለቃው ዞረ። «ጫማውን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ አለ? የሰጠ አይታወቅም። ሕጋችን ነው።»

ሻለቃ ተካ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ቀነዓ። ማስረጃ የለህም።»

ቀነዓ ከጠረጴዛው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ይንቆራጠጥ ጀመር።

ቀለሟ ከባልዋ ኋላ ወጣች።

«ተይ፣ ቁሚ!» አለ ጉሉማ።

ቅርጫቱ ጋ ሄዳ እጇን ሰደደችና የቀኝ እግር ጫማ አወጣች። ከግራው ጎን አቆመችው። የአንዱ ተረከዝ ዝቅ፣ የሌላው ከፍ ብሎ ጥንዱ ገጠመ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «ቆጥ ላይ በጆንያ ተቋጥሮ አገኘሁት። አሮጌ መስሎኝ አጠብኩት። ለቅርጫቱ መስጠቴን ለሱም ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት አንዱን ጎተራው ሥር ሳገኘው፣ ቆጥቋጣ ነውና ስጦታዬን መልሶ ወሰደብኝ ብዬ አፈርኩ። የተሰጠ አይወሰድም ብዬ በስውር ልመልሰው መጣሁ። የማን እንደሆነ አሁን ነው የሰማሁት።»

ጉሉማ ወደ ጓሮው በር ተወረወረ፤ አበጋዝ እግሩን ዘረጋና ጣለው። ሻለቃ ተካ የዋቅወያን ካቴና ራሱ ፈትቶ ለጉሉማ አጠለቀለት፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። ዋቅወያ ድርቤን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ኮፍያው መሬት ወድቃ ማንም አላነሣትም።

አዴ ዘርፈሽ ሁለቱን ጫማ በጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳሰሱ። «ለሁለቱ ልጆቼ የማለቅስበት ተገኘ» አሉ።

ቀለሟ ቅርጫቱ አጠገብ ብቻዋን ቀረች። ማንም አልቀረባትም፤ ወዴት እንደምትሄድም አላወቀችም። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደሷ አዞሩና አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ነይ ከኔ ጋር አልቅሺ።»